የጡረታ መዋጮ ነፃ አውጪው

ከአገሩ ወጥቶ ያስተማረ ሰው፣ የትም ይሂድ የት፣ አንድ ነፃ አውጪ አያጣም። መንግሥት ይቅጠረው፣ የግል ትምህርት ቤት ይቅጠረው፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ነፃ አውጪው ተቀምጠው ይጠብቁታል። ሌላው ባልደረባ፣ “እንኳን ደህና መጣህ፣ ቤት አገኘህ ወይ?” ይለዋል። እሳቸው ግን ገና የጨበጡትን እጅ ሳይለቁ፣ “የጡረታ መዋጮ ቆረጡብህ እንዴ?” ይሉታል።

የእኛው ነፃ አውጪ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የሳሳ ሰው። የመዝገብ ስማቸውን ከርዕሰ መምህሩ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ ለእኛ ከየአገሩ ለተሰባሰብነው መምህራን ክቡር ነፃ አውጪ ናቸው። ማዕረጉን በነፃ አላገኙትም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የውጭ አገር መምህር በገዛ አገሩ የጡረታ መዋጮ እየተከፈለለት ከሆነ፣ ማስረጃ አምጥቶ እዚህ ከመቆረጥ ነፃ ይሆናል። ይህን ደንብ ሁላችንም ሰምተነዋል። እስከ መጨረሻው ያነበቡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እንደሚወራው ከሆነ ያረቀቁት ሰዎች እንኳ እስከዚያ ድረስ አልዘለቁም።

“ሰው በሁለት አገር አያረጅም!” ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። “ሽበትህ አንድ ነው። ታዲያ ምን ሲባል ነው ሁለት ቦታ የምትከፍልለት?”

ጊዜና ቦታ አይመርጡም። አንድ ቀን የታሪክ መምህሩን ጥርስ ሊያስነቅል ሲሄድ አጅበውት ሄዱ። ሐኪሙም የውጭ ሰው መሆኑን ሲሰሙ፣ “ዶክተር፣ ይቆርጡብዎታል እንዴ?” አሉ። ሐኪሙ ጉጠቱን አስቀምጦ፣ ወንበር ስቦ፣ ሲያዳምጣቸው ቆየ። የታሪክ መምህሩ እስከዚያ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

የደመወዝ ክፍሏ ኃላፊማ ኮቴያቸውን ለይታ ታውቃለች። አንዴ ሲመጡ ሰምታ ከመደርደሪያው ጀርባ ተደበቀች። ክቡርነታቸው አልተቀየሙም፤ ጉዳያቸውን አንድ በአንድ ለመደርደሪያው አስረዱት። በመጨረሻ መደርደሪያው፣ “እሺ በቃ፣ ይስተካከላል” ብሎ መለሰላቸው።

እኔና ባለቤቴ የመጣነው ይኼ ሁሉ ዝናቸው ከገነነ በኋላ ነው። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ አገር ቤት ያለው መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ሰጥቶኝ መዋጮዬን እየከፈለልኝ ነው። ነፃ አውጪው ሳምንት ሳይሞላ የእኔን ነገር ጨረሱት። ባለቤቴ ደግሞ እዚሁ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ናት። እሷ ግን እኔን ብላ የአገር ቤት ሥራዋን ለቅቃ ነው የመጣችው። የምንኖረው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋው ሲዘረጋ በሩ በደንብ አይከፈትም። ልጃችን አማቴ ዘንድ ቀርታለች። የባለቤቴ ደመወዝ ሳይቆረጥ ከገባ፣ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይተን ልጃችንን እናመጣለን ብለን ተስፋችንን ሁሉ እዚያ ላይ ጥለናል።

ባለቤቴ አገር ቤት ሳለች ያወጣችውን የጡረታ መታወቂያ ይዛ ደመወዝ ክፍል ገባች። እኔም ነፃ አውጪውም ተከትለናታል።

“ይበቃል፣ ይኼ ካርድ ካለሽ ሌላ የሚጠይቅሽ የለም” አለች ኃላፊዋ።

“እኔ እጠይቃታለሁ” አሉ ነፃ አውጪው። “ልጄ፣ አገር ቤት አሁን ማን እየከፈለልሽ ነው?”

“ማንም። ለቅቄ መጣሁ እኮ።”

“እንግዲያው ይቆረጥባት!”

የኃላፊዋ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። እሳቸው ቁረጡ ሲሉ የሰማ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። ባለቤቴ ካርዷን ነጥቃ ወጣች።

ቤት ስንገባ ቆሽቷ አሯል። “ምን አገባቸው? ለሁሉ ሲሆን ነፃ አውጪ፣ ለእኔ ሲሆን ቆራጭ! ልጄ እኮ በስልክ ድምፄን ስትሰማ ማልቀስ ትታለች። ለመደችው! ይገባሃል? ያለ እኔ መኖር ለመደች!”

ውሃ ልቀዳላት ብድግ ስል በሩ ተንኳኳ፤ እሳቸው ናቸው። በሩ በጠባቡ ስለሚከፈት በጎናቸው ገቡና የሚቀመጡበት ቢያጡ ሻንጣው ላይ ተቀመጡ።

“እርግማንሽን ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁት” አሉ። “ይገባኛል። ግን እስካሁን ነፃ ያወጣሁት ሁሉ አገር ቤት የሚከፈልለት ሰው ነው። አንቺ እዚህ ካልተቆረጠብሽ፣ እዚያ ካልተከፈለልሽ፣ እርጅናሽን ማን ይጦረዋል?”

“እስከዚያ እግዜር ያውቃል!”

“እኔም እንደዚሁ ነበር ያልኩት።” ድምፃቸው ዝቅ አለ። “እኩዮቼ ሁሉ አርፈዋል። እኔ ጉልበቴ እየከዳኝ እስካሁን ሰሌዳ ሥር የምቆመው ፊዚክስ ስለሚጣፍጥ ይመስልሻል? ወጣት ሆኜ ‘ነፃ ነህ’ ሲሉኝ ጨፈርኩ። አገር ቤት ማንም እየከፈለልኝ እንዳልነበር ያወቅኩት ስሸብት ነው። ያን ጊዜ ‘ተው፣ ሳይቃጠል በቅጠል’ የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ እግሩን እስመው ነበር።”

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይከፍል ብቻ ሳይሆን፣ እንደ እሳቸው የትም ሳይከፈልለት እንዳይቀርም ነው! ባለቤቴም ንዴቷ በረደ፤ ግን እናት ናትና አንዲት ጥያቄ አላለቀችላትም።

“ልጄስ፣ ጋሼ?”

ክፍሉን ቃኙት። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ሸራ።

“ነገ ዕቃችሁን ሰብስቡ” አሉ። “ትምህርት ቤቱ ለእኔ ለብቸኛው እዚሁ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ሰጥቶኛል። እናንተ ወደዚያ ውጡ፣ እኔ እዚህ እገባለሁ። ኪራዩም ያው የአሁኑ ይሁን።”

“ኧረ በፍጹም! እንዴት ተደርጎ ጋሼ!”

“ለእናንተ ብዬ መሰላችሁ? እናንተ እዚህ ምድር ቤት ተንደላቃችሁ እኔ እላይ ድረስ ስወጣ ትንፋሼ እያለቀ ነው። አትከራከሩኝ፤ ደንብ አለኝ!”

ትንፋሻቸው የሚያልቀው ስለ ጡረታ ሲያወሩ ብቻ መሆኑን ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ባለቤቴ በማግስቱ ደመወዝ ክፍል ሄዳ፣ “ቁረጡብኝ” አለች። በዚያው ወር አማቴ ልጃችንን ይዛልን መጣች። ሻንጣው ገና ሳይፈታ ነፃ አውጪው የቀለም እርሳስ ይዘው ከተፍ አሉ። ልጅቷ አዲስ ሰው ስታይ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። እሳቸው ጉልበታቸውን እየዳበሱ በርከክ አሉላት።

“የኔ እመቤት፣ ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?”

“እንደ እማዬ ሥዕል መሳል።”

“ጎሽ! ተቀጥረሽ ነው ወይስ በግልሽ?”

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት፤ ስትስቅ ቆይታ ዕንባዋ ወረደ። እኔ አላስቻለኝም፤ ከወለሉ አንስቼ ጥምጥም አልኩባቸው፣ እንደ አባት። ክቡር ነፃ አውጪ ግን በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው የልጅቷን መልስ ይጠብቁ ነበር።