«ዛሬውኑ» ማኅበር ስለ ዳሲቱ ምዝገባ የመከረበት ቅዳሜ

የ«ዛሬውኑ» ራስን የማሻሻል ማኅበር 14ኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አቃቂ በሰቃ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ መካከል
የተጠራበት ሰዓት፦ 7፡30
የተጀመረበት ሰዓት፦ 9፡10

የተገኙ፦
1. አቶ ፈቀደ፣ ሊቀመንበር፣ የባቡር ጋራዥ ጡረተኛ
2. ወ/ሮ አሰጋሽ፣ ምክትል ሊቀመንበር
3. አቶ ሙህሲን፣ አባል፣ ባለሱቅ
4. ወ/ሪት ዳሲቱ፣ አባል፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ
5. የሺዋስ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሮሪሳ፣ ስልክ ሲደወልላቸው «መንገድ ላይ ነኝ» ያሉ (ከጀርባቸው ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር)። አቶ ዘካሪያስ፣ የዛሬውን የፈቃድ ደብዳቤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያስገቡ ያሳወቁ።

መተዳደሪያ ደንቡ ከሰባት አባላት አምስቱ እንዲገኙ ስለሚያዝ፣ የተገኙትም አምስት ስለሆኑ ምልአተ ጉባኤው ለጥቂት ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፉትን አራት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ገና እንዳልጻፈ፣ ሆኖም ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ እንዳለ ገለጸ። ጉባኤው በጸሐፊው ጭንቅላት ውስጥ የሚገኘውን ቃለ ጉባኤ ያለ ማሻሻያ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።

አጀንዳ 2፦ የአባላት የግብ አፈጻጸም ሪፖርት

ሊቀመንበሩ የሕይወት ታሪካቸውን ለመጻፍ ደብተር ከገዙ ዘጠኝ ዓመት እንደሆናቸውና የርእሱ ምርጫ አሁን ወደ ሁለት እንደጠበበ አስረዱ። ወ/ሮ አሰጋሽ ልብስ ስፌት ለመጀመር የገዙት ሲንጀር አቧራ እንዳይነካው ሦስተኛ ሽፋን እንዳለበሱት ተናገሩ። ሽፋኑን ማን እንደሰፋው ተጠይቀው፣ ጎረቤት ያለ ልብስ ሰፊ ነው ብለዋል።

አቶ ሙህሲን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መኪናውን አስቀድመው ቢገዙም የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮ እንቁላል ስለታቀፈች ጫጩቶቹ እስኪወጡ መኪናውን ማንቀሳቀስ ግፍ እንደሚሆን ገለጹ። ዳሲቱ ጫጩት የሚወጣው በሃያ አንድ ቀን አይደለም ወይ ስትል ጠየቀች። አዎ፣ ግን ይህቺ ሦስተኛዋ ዶሮ ናት የሚል መልስ ተሰጥቷታል። ጉባኤው አጠቃላይ አፈጻጸሙን «አበረታች» ሲል ገምግሟል።

አጀንዳ 3፦ የወ/ሪት ዳሲቱ ግብ ይጽደቅልኝ ጥያቄ

ዳሲቱ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ለመቀጠል ጠይቃለች። ጥያቄው ሲቀርብ ይህ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ «ከፋሲካ በኋላ»፣ ቀጥሎ «ከመስቀል በኋላ» ተብሎ በይደር ታልፏል። ሳሪስ አቦ አካባቢ ያለው ትምህርት ቤት ምዝገባውን ዛሬ 11፡00 ላይ እንደሚዘጋ፣ የታክሲው ሰልፍ ተጨምሮበት መንገዱ ከአርባ ደቂቃ በላይ እንደሚፈጅ፣ ዛሬ ካመለጣት ደግሞ ዓመት መጠበቅ እንዳለባት አስረዳች።

በደንቡ አንቀጽ 4 መሠረት ማንም አባል ጉባኤው ያላጸደቀለትን ግብ መጀመር አይችልም። አንቀጹ የገባው አቶ ሮሪሳ ሳያስጸድቁ የማለዳ ሩጫ ጀምረው በመጀመሪያው ቀን እግራቸው ወለም ካለ ወዲህ ነው። አቶ ፈቀደ የዳሲቱ ሟች አባት የሥራ ባልደረባ ስለነበሩም ልጅቷ ያለ እሳቸው ምርቃት መሄድ አልሆነላትም።

ወ/ሮ አሰጋሽ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» በማለት ሐሳብ ሰጡ። ሊቀመንበሩ ለትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ዳሲቱ ማንም ደብዳቤ እንዳልጠየቃት ተናገረች። ሊቀመንበሩም ትምህርት ቤቱ አለመጠየቁ እንደሚያሰጋቸው ገለጹ። ደብዳቤው ተጽፎ ማኅተም ሊደረግበት ሲል የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ተገኘ። አቶ ሙህሲን ጠብታ ውኃ ይበቃዋል ሲሉ፣ ወ/ሮ አሰጋሽ ውኃ የነካው ማኅተም ሕጋዊ አይደለም ብለው ተቃወሙ። በዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ውይይት ተደርጓል።

ዳሲቱ 9፡40 ላይ ሰዓቱን አስታወሰች። 9፡50 ላይም አስታወሰች። ወ/ሮ አሰጋሽ ሰዓት ማስታወስ ራሱን የቻለ አጀንዳ እንዲሆን ጠይቀው ሐሳባቸው ተደግፏል።

ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፦ የዳሲቱ ጥያቄ በመርህ ደረጃ እንዲጸድቅ፤ ሆኖም የማታ ትምህርት በዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋምና ሪፖርቱ ከጥምቀት በኋላ እንዲቀርብ፤ ልጅቷም እስከዚያ እንድትታገሥ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። ተአቅቦው የጸሐፊው ነው፤ አሁን ያሳፍረዋል።

ሊቀመንበሩ «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲሉ አጽናኗት። ዳሲቱ ተነሥታ የሚከተለውን ተናገረች፦

«ጋሽ ፈቀደ፣ እናንተ ስትታጠቁ ሩጫው አለቀ እኮ። አባቴም ‹ጡረታ ስወጣ ፊደል እቆጥራለሁ› እያለ ነው በአውራ ጣቱ እየፈረመ የሞተው። እርስዎ ነዎት ደመወዝ ላይ ጣቱን ይዘው ያስፈርሙት የነበሩት። ረሱት?»

ከዚያም ሊቀመንበሩ ስብሰባው እንዳልተዘጋ አስታውሰው እንድትቀመጥ አዘዙ። ዳሲቱ 10፡00 ላይ ቦርሳዋን አንሥታ ወጥታለች።

አጀንዳ 4፦ ድንገተኛ ጉዳይ

የቀሩት አባላት አራት መሆናቸውን የቆጠሩት አቶ ሙህሲን ናቸው። ደንቡ ሲገለጥ «ስብሰባው ሳይዘጋ ምልአተ ጉባኤው ከጎደለ የዕለቱ ውሳኔ ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል» የሚል ተገኘ። አንቀጹን ማን እንዳስገባው ለማጣራት ተሞክሮ ሊቀመንበሩ ሆነው ተገኝተዋል።

10፡55 ላይ በጸሐፊው ስልክ ፎቶግራፍ ደረሰ። የተሞላ የምዝገባ ቅጽ ነው፦ ስም፣ ክፍል፣ ከታች ፊርማ። ስልኩ በየተራ ታየ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው ፊርማዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ጎበዝ» አሉ። ቀጥሎም ይህ በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አዘዙ። ጸሐፊው ይዞታል፤ ደስም ብሎታል።

ውሳኔ፦ በዕለቱ የተወሰነው ሁሉ፣ በጸሐፊው ጭንቅላት ያለው ቃለ ጉባኤ፣ «አበረታች» የሚለው ግምገማ፣ ንዑስ ኮሚቴውና የዳሲቱ በመርህ ደረጃ መጽደቅ ጭምር ተሽሯል። ወ/ሪት ዳሲቱም ግቧ ስላልጸደቀላት ትምህርት እንዳልጀመረች ይቆጠራል። አራት ሰው ይህን መሻር ይችላል ወይ ለሚለው የወ/ሮ አሰጋሽ ጥያቄ መልሱ እንዲጠና ተብሏል።

ስብሰባው 11፡00 ላይ ተዘግቷል። ይህ ቃለ ጉባኤ በዚያው ዕለት፣ ሰው ከወጣ በኋላ እዚያው ድስቶቹ መካከል ተጽፎ አልቋል። በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ፊርማ፦
አቶ ፈቀደ፦ ነገ ጠዋት በደንብ አንብበው ይፈርማሉ።
ወ/ሮ አሰጋሽ፦ ሊቀመንበሩ ሲፈርሙ።
አቶ ሙህሲን፦ እስክሪብቶው መኪናው ውስጥ ነው።
የሺዋስ፦ ፈርሟል።
ወ/ሪት ዳሲቱ፦ በዕለቱ ፈርማለች፤ ሌላ ቦታ።