ሞተሩን ሳያጠፋ «እንደምን አደራችሁ?»

«እንዴት አደራችሁ?» ብሎ የጠየቃችሁ ሰው፣ መልሳችሁን ሳይሰማ ጥሏችሁ ሄዶ ያውቃል? እኔ በምኖርባት በመርሳ ከተማ ያየሁት እስካሁን ያስደነግጠኛል።

የጎረቤቴ የጋሽ አበራ የወንድም ልጅ ዳንኤል ወልድያ ውስጥ የቴሌቪዥን የጠዋት ዜና አንባቢ ነው። ሥራውን ላስረዳ፦ በየማለዳው ካሜራ ፊት ተቀምጦ «እንደምን አደራችሁ?» ይላል፤ የሚመልስለት ስለሌለ ወዲያው ወደ ዜናው ያልፋል። ይህን ለዓመታት የሠራ ሰው ምን ይሆናል?

እሑድ ጠዋት ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ እንደምን አደራችሁ?» አላቸው የጋሽ አበራን ባለቤት።

«ምን ማደር አለ ልጄ! አጎትህ ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ነው ያደሩት፤ እባክህ ወልድያ ሆስፒታል...»

«እሰይ! መልካም ቀን ይሁንላችሁ!» ብሎ ባዶ መኪናውን ወደ ወልድያ ነዳው።

ይህን ሁሉ ከደጄ ቆሜ አይ ነበር። እኔ ባጃጅ ፍለጋ ሮጥኩ፤ ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ እያዛወርን ሕመምተኛውን አደረስናቸው። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ማለዳ የሆስፒታሉ ቴሌቪዥን ተከፈተ። ዳንኤል ፈገግ ብሎ፣ «እንደምን አደራችሁ?» አለ።

«ሆዴን ተቀድጄ አደርኩ! አሁንስ ሰማኸኝ?» አሉት ጋሽ አበራ ከአልጋቸው።

ዳንኤል ወደ ዜናው አለፈ።

ልፈርድበት ስል ግን ትዝ አለኝ፤ እኔም በየጠዋቱ ተማሪዎቼን «እንዴት አደራችሁ?» እያልኩ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ።

እስቲ ነገ ጠዋት አንድን ሰው «እንዴት አደርክ?» በሉና መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁ። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ።