ለይቶ ማቆያ የገባው የሱሉልታ ሰው

አውሮፕላን ያላወረደውን ሁሉ የሚንቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠመኝ አለቃዬ ነው። ሰበታ ውስጥ የአንድ ቅርጫት ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እኔ የክለቡ ዘበኛ ነኝ።

በኮሮና ጊዜ ያስፈረመው የውጭ ተጫዋች በረራ ተዘግቶበት አገሩ ቀረ። ረጅም ሰው የሌለው ቡድናችን ሽንፈት በሽንፈት ሆነ። የመጨረሻውን ጨዋታ ከተሸነፍን ከሊጉ እንወርዳለን፣ ክለቡም ይበተናል፤ የእኔም እንጀራ አብሮት።

"አለቃ፣ ሱሉልታ ቶሎሳ የሚባል ረጅም የሳር ድርቆሽ ጫኝ አለ። እስሩን አይሱዙ አናት ላይ በአንድ እጁ ነው የሚወረውረው" አልኩት።

"ፓስፖርት አለው?"

"ሰበታ ለመምጣት?"

ሲጨንቀው አስመጣው። ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንደ ውጭ ተጫዋች አሥራ አራት ቀን ለብቻው ይቆይ!" ቶሎሳ ለፈረንጁ በተዘጋጀው ክፍል ተኛ፣ ለፈረንጁ የተመደበውን ጥብስ በላ፣ በባዶው ሜዳ ብቻውን ኳስ ሲወረውር ከረመ። ቀናሁ፣ ምን እዋሻለሁ?

በአሥራ አምስተኛው ቀን አለቃዬ በሩን ከፍቶ፣ "ሃው አር ዩ?" አለው።

"ፈያ ነኝ፣ ኦቦ! ሌላ አሥራ አራት ቀን አይጨመርም?"

ቶሎሳ ተሰልፎ ያን የመጨረሻ ጨዋታ አሸነፍን፤ ከሊጉ ሳንወርድ ቀረን። በረራ ሲከፈት ያ የውጭ ተጫዋች ደወለ። አለቃዬ "ቦታ የለንም" ብሎ ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ፦

"ስማ፣ ጫንጮ በኩልስ ሳር ጫኝ ይጠፋል?"