ከቆሎ የተረፈ መጽሐፍ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ደጅ ሰው ማየት አይፈልግም። ለመሆኑ መሬት የሌለው ሰው በምን ያርሳል? በወረቀት! እኔ አብነት ሰፈር ያለውን ጓሮዬን ትቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከተሰቀልኩ ወዲህ የማርሰው በወረቀት ነው። የዕፅዋት ሥዕል ያለበት አሮጌ መጽሐፍ ካየሁ አላልፍም። ማንበቡን አልተማርኩም፤ ግን ዳማከሴን ለማወቅ ፊደል መቁጠር ያስፈልጋል እንዴ?

አንድ ቀን ግቢያችን በር ላይ ከምትሸጠው ከእታገኘሁ ለጎረቤት ልጆች ቆሎ ገዛሁ። ፌስታል ይቅር ከተባለ ወዲህ በወረቀት ነው የምትጠቀልለው። ጥቅሉን ስፈታው ወረቀቱ ላይ ምን ልይ? ኮሶ! ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው! ዞር ብዬ ባይ ወፍራም መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል፤ ገሚሱ ተገንጥሎ አልቋል።

ሽጪልኝ አልኳት። እማማ ይሙቱ፣ በዚህ ዝናብ ደረቅ ወረቀት ከየት ላመጣ ነው፣ ለገዢዎቼ በእፍኜ ልስፈርላቸው? አለችኝ። በእኔ ዕድሜ ባለ ሰው እንዲህ አይማልም፤ እግዜር ይሰማል! ጋዜጣ ባመጣላት ቀለሙ ቆሎዬን ያጠቁረዋል ብላ መለሰችው።

ሌላ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ዣንጥላዬን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ገዢውን ሁሉ፣ ቆሎውን ብላ፣ ወረቀቷን ለእኔ እላለሁ። አንዱ ጎረምሳ፣ እማማ ሎተሪ ነው እንዴ? ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ! እየሳቀም ቢሆን ሰጠኝ። ራሴም ጥርስ ሳይኖረኝ ስገዛ ዋልኩ። ልጄ ሙሉ፣ እማዬ ቤቱን በቆሎ ሞላሽው፣ ምን ነካሽ? ብላ ተቆጣች። እንቁላል በእግሩ ከሄደ፣ መጽሐፍ በቆሎ ቢመጣ ምን ይገርማል?

መጽሐፉ ሲያልቅ ከቀረው ገሚስ አብዛኛው ቅጠል እጄ ገብቶ ነበር። በማግስቱ ደስ ብሎኝ ብወርድ፣ እታገኘሁ ሌላ የዕፅዋት መጽሐፍ ከቆራሌው ገዝታ ልትገነጥል! እንዲህ ገበያ ቀንቶኝ አያውቅም፤ ሰው ሥዕሉንም እርስዎንም ለማየት ይመጣል አለችኝ። ለካ ላድን ብዬ ቢላዋውን የሳልኩት እኔው ነኝ! ከእጇ ነጠቅኩና እዚያው ተደራደርን፦ እኔ የግቢውን ልጆች ያለቀ ደብተር ላቀርብ፣ እሷ መጽሐፍ ላትገነጥል።

ቅጠሎቹን በመርፌና በክር ሰፋኋቸው። ልጄ ሙሉ፣ ገጹ ተዘበራርቋል ትላለች፤ እኔ ግን ኮሶን ከዳማከሴ አጠገብ ተክያለሁ፣ ፈልጌ አላጣውም። እሷም ተሸንፋ መደርደሪያ ገዛችልኝ። እታገኘሁ አሁን የዕፅዋት መጽሐፍ ከቆራሌው እየለቀመች ሳይገነጠል ትሸጥልኛለች፤ ዋጋ ስትጠራ ግን አታፍርም። ቀንሺልኝ ስላት፣ ቆሎ ትመርቅልኛለች።