«አደራ»ን የዋጠችው ሲዲ

የሰው ልጅ ጉድለትን የሚለምድበት ፍጥነት ይገርመኛል። የቤታችሁን በር ተመልከቱ። በትከሻ ካልደለቃችሁት አይከፈትም አይደል? አናጢ ጠርታችሁ ያስተካከላችሁት ዕለት ግን፣ ትከሻችሁ ወሬውን አልሰማምና እንደ ወትሮው ስትደልቁት ሳሎን መሀል ትዘረጋላችሁ። በሩ ድኗል። እናንተ አልዳናችሁም።

የሰፈራችን ሲዲ ነገርም እንዲሁ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ይመር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማሲንቆ ሲገዘግዙ የሮቢት ወንዝ ቆሞ ያዳምጣቸው ነበር። (በጋ ላይ ወንዙ ድሮም ይቆማል የሚሏችሁን ምቀኞች አትስሟቸው።) ትልቋን ልጃቸውን የዳሩ ቀን ለአማቾቻቸው «ልጄን አደራ» ብለው ያንጎራጎሩት በአንዲት ሲዲ ተቀርጾ ቀረ። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሲዲዋ ሳትዘፍን የሚዳር ሰው ጋብቻው የሚጸናለት አይመስለንም።

ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ታዲያ ከፍቅር ብዛት አንድ ቀን አቧራ አየሁባት ብለው ሲዲዋን እንደ ድስት በአመድ ፈተጓት። ከዚያ ወዲያ «ልጄን አደ፣ አደ፣ አደ…» እያለች ተንተባትባ፣ ዘላ እልልታው ላይ ታርፋለች። ፍላሽ ላይ ብናስገለብጣት መንተባተቧም አብሮ ተገለበጠ። ምን አደረግን? ለመድነው። «አደ» ባለች ቁጥር መሬቱን በእግራችን መደብደብ ያዝን። እንደኔ ከሆነ ሰሞኑን ደሴ ላይ የተሰማው መንቀጥቀጥ የኛ ነው።

ዘንድሮ የመጨረሻዋ ልጃቸው ትዕግስት ለማጀቴ ከተማ ሰው ልትዳር ሆነ። እትዬ ብዙነሽ እንቅልፍ አጡ።

«አባቷ አደራ ሳይል ልጄ ልትሄድ ነው? ማጀቴዎች "አደ፣ አደ" ሰምተው ይመለሱ?»

ሲዲዋን የማሳከሙ ነገር ለእኔ ተሰጠ። መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው ሰይፉ ሲዲዋን ወደ ብርሃን ዘቅዝቆ አያት።

«ጋሼ፣ ይቺን ጅብ ነው የላሳት?»

«አመድ ነው፣ ወንድሜ።»

«ጅቡ ይሻላት ነበር።»

የጥርስ ሳሙና ጠብ አድርጎ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ይጠርጋት ጀመር። ላግዝህ ብዬ ዙሪያዋን ሳሽከረክር እጄን ቸብ አደረገኝ። «ኧረ ጋሼ! ዙሪያዋን ካሿት አዲስ ቦይ ይቀዱባታል። ሽንኩርት ልናጠጣ ነው እንዴ?»

ታጥባና ደርቃ ስትከፈት «ልጄን አደራ» አለች፣ ጥርት አድርጋ። ያቺን «ራ» ስሰማ በዚያ ሐሩር ብርድ መታኝ።

የሠርጉ ዕለት ማጀቴዎች ዳሱ ውስጥ ተደርድረው፣ እትዬ ብዙነሽ ደረታቸውን ይዘው ስፒከሩ ሥር ቆመዋል። የጋሽ ይመር ድምፅ «ልጄን…» ከማለቱ ዳሱ በሙሉ ተነሣ። «አደ! አደ! አደ!» መሬቱ ተደበደበ፣ አቧራው ጨሰ፣ ሙሽሪት አስነጠሳት። ስንት ዓመት የጠበቅናት «ራ» በእግራችን ሥር አለፈች።

«ዝም በሉልኝ!» ብለው ጮኹ እትዬ ብዙነሽ። «ይመር እየተናገረ ነው!»

ዘፈኑ ከመጀመሪያው ተከፈተ። ዝንብ እንኳ ክንፏን ሰበሰበች።

«ልጄን አደራ።»

የሙሽራው አባት ብድግ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ተቀብለናል» አሉ፣ ከፊታቸው የቆመ ሰው ያለ ይመስል። እትዬ ብዙነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዚያ ጸጥታ መሀል ታዲያ አንድ እግር መሬቱን ደበደበ። «አደ! አደ! አደ!»

የማን ይመስላችኋል? የእኔ።

የሙሽራው አባት ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ወደ እትዬ ብዙነሽ ዞሩ። «እኚህ ሰው ደህና ናቸው?»

«አይፍረዱባቸው» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ እንባቸው ሳይደርቅ እየሳቁ። «የጥርስ ሳሙናው የበቃው ለሲዲዋ ብቻ ነው።»