ከሂናው ሥር ያለ ጥፍር

ሰውን በእጁ የሚያውቅ ማነው ብትሉኝ ሐኪም ነው አልላችሁም፤ ሂና ቀቢ ናት እላችኋለሁ። ሐኪም እጃችሁን ቢይዝ ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ያንንም ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተክሎ። እኔ ግን ቆቦ ገበያ አጠገብ ባለችው ክፍሌ የሙሽራን እጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ግማሽ ቀን እውላለሁ። ማን እንጨት ስትለቅም እንዳደገች፣ ማን ጥፍሯን እንደምትበላ፣ ማን ሙሽራውን እንደማትወደው (የዚህችኛዋ እጅ ያልበዋል) አንድ በአንድ አውቃለሁ። አውቄም ዝም እላለሁ። የሙያችን ሕግ ነው፤ ያየነውን እንቀባዋለን እንጂ አናወራውም። ሕጉን ማን አወጣው አትበሉኝ። ተመችቶኝ ነበር።

የሰአዳ እጅ ጭኔ ላይ ያረፈው በሰርጓ ዋዜማ፣ ረፋድ ላይ ነው። የቆቦን ሰኔ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውሻ እንኳ ጥላ አይመርጥም፣ ያገኘው ቦታ ላይ ይዘረራል። የእሷ እጅ ግን ቀዝቃዛ ነበር። የጣቶቿ ጫፍ አብጦ ክብ ሆኗል፤ ጥፍሮቿ ጎበጥ ብለው ወደ ሰማያዊ ይመታሉ። ከንፈሯም እንደዚያው። ለከንፈሩስ ማንም አይጨነቅም፤ እኛ አገር ድድ መነቀስ ውበት ነውና ሰው ሁሉ «ንቅሳቷ ከንፈሯ ድረስ ወርዶላት» እያለ ያደንቃት ነበር። በሰርጓም ዘፈኑላት። ሰአዳ ግን የንቅሳት መርፌ ነክቷት አያውቅም።

ቀና ብዬ እናቷን እቴ ዘሃራን አየኋት። እሷም አየችኝ።

«አደምቂላት» አለችኝ።

አደመቅሁላት። ጥፍሮቹ አንድ በአንድ ከሂናው ሥር ሲጠፉ፣ ሰው ከነነፍሱ እየሸፈንሁ ያለሁ መሰለኝ። ቢሆንም እጄ አላቆመም።

ዓመት ሳይሞላ ሰአዳ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና መጣች። በእኛ ዘንድ ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ እጅ እግሯን ሂና ትቀባለች። ባጃጁ ያወረዳት ከደጄ አሥር እርምጃ ላይ ነው፤ እስክትገባ ሁለቴ ቆመች። ስቀባት የትንፋሿ ድምፅ ከእሷ ተለይቶ ይሰማኛል፤ ክፍሌ ውስጥ ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስል። ሁለቴ ዞሬ ወደ ጥግ አየሁ።

«እንቅልፍስ ታገኛለሽ?» አልኳት።

«ትራስ ደርድሬ፣ ተቀምጬ ነው እቴ ፋጡማ። ስጋደም የሆነ ነገር መጥቶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤቶቼ ጅኒ ነው ይላሉ፤ አማቴ ደግሞ እርጉዝ ሁሉ ይደክማታል፣ አብሽሪ አለችኝ።»

የዚያኑ ቀን የክትትል ቀጠሮ ነበራትና፣ እናቷ ዋጃ ሄዳ ስለነበር እኔ አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድሁ። አዋላጇ ልጅ እግርና ደግ ናት። ጣት ቆንጥጣ የደም ኦክስጅን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ሰካችላት። ሰባ ስምንት አለ። አዋላጇ ነቅላ ጠረገችውና በሌላ ጣት ሰካችው። ሰባ ስድስት። ከዚያ የሰአዳን እጅ አየችና ሳቀች።

«ከዘጠና አምስት በታች መሆን የለበትም ነበር፤ ግን ሂናው ነው መሣሪያውን የሚያሳስተው። ስንቴ አታሎናል መሰላችሁ!»

ውሸቷን አይደለም፤ ሂና ያሳስታል። ሰአዳም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ትንፋሿን ወስዶ ቶሎ አልመልስላት አለ። አዋላጇ ካርዱን ስባ መጻፍ ጀመረች።

እዚህ ላይ እኔን ተመልከቱኝ። እነዚያን ጥፍሮች ያለ ሂና ያየ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የለም። ለእቴ ዘሃራ ብዬ የሸሸግሁትም እኔው ነኝ።

«ሲስተር» አልሁ፤ «ጆሮዋን አልቀባኋትም።»

መሣሪያዋን ከጣት ነቅላ ጆሮዋ ላይ ሰካችው። ሦስታችንም ቁጥሩን አየነው። ሰባ ሰባት። ማንም አልሳቀም።

በዚያው ከሰዓት በአምቡላንስ ደሴ ሆስፒታል ወሰድናት። በማግስቱ እቴ ዘሃራ ስትደርስ ሐኪሙ እውነቱን አወጣጣት። ሰአዳ በአሥር ዓመቷ ሐኪም አይቷት ነበር፤ ልቧ ከተፈጥሮዋ ቀዳዳ አለው፣ ሳይደፈን በመቆየቱ የሳንባዋ ደም ሥሮች ግፊት በርትቷል፣ ስታድግ እርግዝና ሊገድላት ይችላል ተብሏል። እናት ይህን ከልጇም፣ ከልጇ ባልና አማቶችም ሸሽጋ ኖረች።

«መውለድ የለባትም ብዬ ብናገር ማን ያገባታል?» አለች።

ወሊድ መቆጣጠሪያ እየወሰዱ፣ ያለ ልጅም በትዳር መኖር እንደሚቻል የነገራት የለም። ቢነግሯትም የምትሰማ አይመስለኝም። እኔም ብሆን በእሷ ቦታ አልሰማም ነበር።

ጥቂት ቀን አቆይተው አዋለዷት። ሴት ልጅ፣ ትንሽዬ፣ ግን ጯሂ። እልል አልን። ሐኪሙ ብቻ ፊቱ አልተፈታም። «እንዲህ ላለ ልብ ከወሊድ በኋላ ያለው ሳምንት የባሰ ያስፈራል» አለን። እልል እያለ ያለ ሰው ይህን አይሰማም። በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰአዳ ትራሷን ተደግፋ «ዛሬስ ቀለለኝ» አለችን። አልሃምዱሊላህ ብለን ሳንጨርስ ሄደች። የሕፃኗ ስም የሚወጣው በማግስቱ ነበር።

ሰው ሁሉ «ተናግረሽ ሕፃኗን አተረፍሽ» ይለኛል። እኔ ግን የተናገርሁት በሰባት ወሩ ነው። መናገር የነበረብኝ በሰርጓ ዋዜማ ነበር፤ ይህ ያመኛል፣ ሲያመኝም ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ ሕጌን ለወጥሁ፤ ሳልቀባ በፊት ጥፍር አያለሁ፣ እጠይቃለሁ። ወሬው ተዳረሰ። ምን ሆነ መሰላችሁ? እናቶች ልጆቻቸውን ጥፍራቸውን ቤት ቀብተው ያመጡልኝ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሙሽራ ልጇን ከጎብዬ ይዛ መጣች። የልጅቷ ጣቶች እስከ አንጓቸው ቀልተዋል። «ጀምረንላት ነው» አለች እናትዮዋ። ልጅቷን ዳገት ስትወጪ እንዴት ነሽ አልኳት። እናቷ ቀድማ «ጎብዬ ደግሞ ምን ዳገት አለ?» አለችኝ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሂና አልሁ። እናትዮዋ ልጇን እጇን ይዛ አስነሳቻት።

ደጄ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ልጅቷ አስፋልቱ መሐል ስትደርስ ቆመች፤ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋባት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ሰበሰበችና ተሻገረች። ማዶ ያለችው ሌላዋ ሂና ቀቢ ወንበር አቀረበችላት።