አገልጋዩ ቆሟል

[ፎቶ ቤት ነው። ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ድሮ ፊልም የሚታጠብባት ጨለማ ክፍል ነበረች። ዛሬ ጥቁር መጋረጃዋ ወርዶ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስክሪንና አንድ የኮምፒውተር ሣጥን ገብተውባታል። ሠላሳ ዓመት እዚያ ፊልም ያጠቡት ሰውዬ «ጋሽ ጨለማ» ይባላሉ፤ አሁን ሥራቸው ፊት ለፊት ሆኖ ደንበኛ መቀበል ነው። ኮምፒውተሮቹን የሚንከባከበው ባለሙያ ደግሞ ሽቦ ሲያይ ዓይኑ ስለሚበራ «ሊቀ ኬብል» የሚል ስም ወጥቶለታል። ያወጡለት ሊቀልዱበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ረፋድ ነው። ሊቀ ኬብል ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ክርክሩ ተጀምሯል።]

ሊቀ ኬብል፦ ማነው ይህን ሣጥን ያቆመው?

ጋሽ ጨለማ፦ እኔ ነኝ።

ሊቀ ኬብል፦ አጋድሜው ነበር እኮ የሄድኩት።

ጋሽ ጨለማ፦ ተጋድሞ ነበር። አቆምኩት።

ሊቀ ኬብል፦ ለምን?

ጋሽ ጨለማ፦ አንተ አይደለህ ወይ ከትናንት ወዲያ ይህን ወረቀት ሰጥተኸኝ፣ «እስክመጣ አንብበው ይዘጋጁ» ያልከኝ? ይኸው፣ ተራ ቁጥር ሁለት፦ «አገልጋዩን አቁም።» አቆምኩት። መጀመሪያ ወደ ግራ ዘመም ይል ነበር፤ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አደረግሁለት።

ሊቀ ኬብል፦ ጋሼ፣ «አቁም» ማለት ሥራውን እንዲያቆም አድርግ ማለት ነው።

ጋሽ ጨለማ፦ ታዲያ «አስቁም» አይልም ነበር?

ሊቀ ኬብል፦ የኮምፒውተር አማርኛ ጥልቅ ነው፤ ለሁሉም አይገባም።

ጋሽ ጨለማ፦ ጥልቅስ ጥልቅ ነው። እኔ እንኳ መጀመሪያ አገልጋዩ ሲል ዘበኛው መስሎኝ ነበር። ደጅ ወጥቼ ባየው ቆሟል። እሱማ ድሮም የቆመ ነው ብዬ ተመለስኩ።

ሊቀ ኬብል፦ [በትዕግሥት፣ ትዕግሥቱም እንዲታይለት እየፈለገ] ይስሙኝ። አገልጋይ ማለት ይህ ሣጥን ነው፤ በእንግሊዝኛው ሰርቨር። የፊቱ ኮምፒውተርና የኤዲቲንግ ክፍሉ ኮምፒውተር ያላቸውን ፎቶ በየማታው በኔትወርክ ይልኩለታል፤ እሱ ቅጂውን ያስቀምጣል። ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ ፎቶው ከዚህ ይወጣል። ባክአፕ ይባላል። ዛሬ የዚህን የባክአፕ ፕሮግራም የጥገና አፕዴት እንጭናለን። ገባዎት?

ጋሽ ጨለማ፦ ሁለት ጎተራ ማለት ነው። አንዱ ቢነቅዝ ከሌላው ይበላል።

ሊቀ ኬብል፦ እንደዚያ ይበሉት። ለመሆኑ ተራ ቁጥር አንድንስ ነክተውታል?

ጋሽ ጨለማ፦ እሱንማ ከጠዋት ጨረስኩት።

ሊቀ ኬብል፦ «ደንበኞች በሙሉ ከአገልጋዩ መለያየታቸውን አረጋግጥ» የሚለውን? እርስዎ?

ጋሽ ጨለማ፦ አረጋገጥኩ እንጂ። ሙሽሮች ነበሩ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፣ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰውዬም ነበር። ሁሉንም «ዛሬ ከአገልጋዩ ተለያይታችኋል» ብዬ አሰናበትኳቸው። ሙሽሮቹ ምንም አላሉም፤ ሰውዬው ነው ያስቸገረኝ። «ምን በድዬ?» አለ። የበደልከው የለም፣ ተራ ቁጥር አንድ ስለሆንክ ነው አልኩት።

ሊቀ ኬብል፦ [ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ብሎ] ደንበኛ ማለት ኮምፒውተር ነው፣ ጋሼ።

ጋሽ ጨለማ፦ ኮምፒውተሩ ደንበኛ ከሆነ ፎቶ የሚነሣው ማን ነው?

ሊቀ ኬብል፦ የፊቱና የኤዲቲንጉ ኮምፒውተር ለዚህ ሣጥን ደንበኞቹ ናቸው። ከእሱ ጋር የሚያገናኛቸውን መስመር ለጊዜው ማቋረጥ ነበር ሥራው።

ጋሽ ጨለማ፦ እሺ። ደንበኛውም ኮምፒውተር፣ አገልጋዩም ኮምፒውተር። እኛስ ምን ነን?

ሊቀ ኬብል፦ ተጠቃሚ።

ጋሽ ጨለማ፦ ምን ተጠቀምን?

[ሊቀ ኬብል ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሁለቱን ደንበኞች ራሱ አቋረጠና ወደ ተራ ቁጥር ሁለት አለፈ። «አቁም» የምትለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካት፤ ሁለት ጊዜ ነካት፤ ንቅንቅ አላለችም።]

ሊቀ ኬብል፦ ይህቺ ቁልፍ ደብዝዛለች። ግድ የለም፤ ተራ ቁጥር ሁለት ለጀማሪ የተጻፈ ነው። ሦስትን ያንብቡልኝ።

ጋሽ ጨለማ፦ «የጥገና አፕዴቱን ጫን።» ምን ላይ ነው የምንጭነው?

ሊቀ ኬብል፦ አገልጋዩ ላይ ነዋ።

ጋሽ ጨለማ፦ [ሣጥኑን ጎንበስ ብለው አይተው] ይችላል? ካርቶን ላይ ነው ያለው።

ሊቀ ኬብል፦ ክብደት የለውም። አራት መቶ ሜጋ ነው።

ጋሽ ጨለማ፦ አራት መቶ እያልክ ክብደት የለውም ትለኛለህ።

ሊቀ ኬብል፦ ይኸው፣ «ጫን» የሚለውን ተጫንኩት። አለቀ።

ጋሽ ጨለማ፦ ለመጫን መጫን። እኛ በትከሻ የምንጭነውን እናንተ በጣት ጨረሳችሁት።

[አንዲት አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ሊቀ ኬብል እጁን አፍተለተለ። ሥራ ፈት መቀመጥ አይሆንለትም።]

ሊቀ ኬብል፦ ይህ እስኪጨርስ ሌላውን ላቃልል። የኤዲቲንጉ ኮምፒውተር ሞልቷል፤ አሠሪያችን እትዬ፣ አዲስ ፎቶ የሚያስገቡበት ቦታ አጥተው ከትናንት ወዲያ በስልክ ጮኸውብኛል። የተቋረጠው የባክአፑ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ ዓመት ያለፋቸውን ፎቶዎች ከዚሁ ሆኜ አጸዳቸዋለሁ።

ጋሽ ጨለማ፦ ግማሽ ዓመት ያለፋቸውን?

ሊቀ ኬብል፦ በሙሉ።

ጋሽ ጨለማ፦ [ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው] የእኔዋ እዚያ ውስጥ ናት።

ሊቀ ኬብል፦ የእርስዎ ምን?

ጋሽ ጨለማ፦ ባለቤቴ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳጥብ፣ አንድ ቀን እንኳ ፎቶ አልነሣም ብላኝ ኖረች። ልታርፍ ሰሞን፣ አሁን ሰባት ወር ሊሆነው ነው፣ መጥታ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጠችልኝ። አንድ አነሣኋት። «ከስቻለሁ፤ እንዳታትመው» አለችኝ። ቃል ገባሁ፤ አላተምኩትም። ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ ከፍቼ አያታለሁ፤ ከዚያ እዘጋለሁ። ሌላ የላትም።

ሊቀ ኬብል፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] ነፍስ ይማር። አላወቅሁም ነበር። ግን አይስጉ፤ ከዚያ ብትጠፋ ቅጂዋ እዚህ አለ።

ጋሽ ጨለማ፦ በእኛ ጊዜ ፎቶ ሲታጠብ ይወጣ ነበር። በእናንተ ጊዜ ሲጸዳ ይጠፋል።

ሊቀ ኬብል፦ አይጠፋም እያልኩዎት።

ጋሽ ጨለማ፦ እንግዲያው አሳየኝ። መጀመሪያ እዚህ ልያት፤ ከዚያ እዚያ አጽዳ።

ሊቀ ኬብል፦ ጋሼ፣ ማየት ለተጠራጣሪ ነው። ይህ አገልጋይ እኮ እንደ ሌላው አይደለም። የሌላው ቤት ሰርቨር ነጋ ጠባ ይወድቃል፤ «ወደቀ፣ ወደቀ» ሲባል ነው የሚውለው። የእኔ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። በየሰኞው እትዬ ሲደውሉ «አገልጋዩ ቆሟል» እላቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይዘጋሉ። ካላመኑኝ ያቺን የስክሪኑን ጥግ ያንብቧት።

ጋሽ ጨለማ፦ [መነጽራቸውን አውጥተው፣ ጠርገው፣ አድርገው] «አገልጋዩ ቆሟል። ከቆመ ስምንት ወር ከአራት ቀን።» በቀይ ነው የተጻፈው።

ሊቀ ኬብል፦ ቀይ የክብር ቀለም ነው። [ጣቱን «አጽዳ» ላይ አሳርፎ] በሉ እንግዲህ።

ጋሽ ጨለማ፦ ቆይ ልጄ። ቅድም «አቁም» ማለት ምን ማለት ነው ነበር ያልከኝ?

ሊቀ ኬብል፦ አሁንም? ሥራውን እንዲያቆም ማድረግ ነው።

ጋሽ ጨለማ፦ ካቆመ በኋላስ ምን ይባላል?

ሊቀ ኬብል፦ ካቆመ በኋላማ ቆ...

[ሊቀ ኬብል ቀዩን ጽሑፍ እንደገና አነበበው። ከአረንጓዴዋ መስመር በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ጋሽ ጨለማ ዓይናቸውን ከጣቱ ላይ አልነቀሉም። በዚህችው ክፍል የፎቶው ወረቀት ሳይጠቁር ከማጠቢያው መድኃኒት ለማውጣት ሰከንድ ሲቆጥሩ እንዲህ ነበር ትንፋሻቸውን የሚይዙት።]

ጋሽ ጨለማ፦ [በቀስታ] ጣትህን አንሣ።

ሊቀ ኬብል፦ አነሣሁ።

ጋሽ ጨለማ፦ አሁን ቅጂው ያለበትን ክፈት።

ሊቀ ኬብል፦ በዚሁ ጣት እኮ ነው የምከፍተው።

ጋሽ ጨለማ፦ በሌላኛው ክፈት።

[በሌላኛው ከፈተ። የተከፈተው መስኮት ነጭ ነው፤ ከላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ አለው።]

ጋሽ ጨለማ፦ «በስምንት ወር የተቀዱ ፎቶዎች፦ ዜሮ። ያጋጠሙ ስህተቶች፦ ዜሮ።»

ሊቀ ኬብል፦ ስህተት ግን የለም።

ጋሽ ጨለማ፦ ያልሠራ በምን ይሳሳታል? እንዴት ቆመ?

ሊቀ ኬብል፦ [ወደ ሽቦዎቹ እያየ] ፕሮግራሙን ወደ አማርኛ ያዞርኩት ቀን ነው። እትዬ እንዲገባቸው ብዬ። እንዳዞርኩት «አገልጋዩ ይቁም?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቁም እንጂ ለምን ይወድቃል አልኩና «አዎ» ላይ ተጫንኩ።

ጋሽ ጨለማ፦ እኔ በካርቶን ያቆምኩትን አንተ በአንድ «አዎ» አቁመኸው ኖሯል።

ሊቀ ኬብል፦ ጋሼ፣ አሁን እንኳን አይቀልዱብኝ። ባጸዳው ኖሮ...

ጋሽ ጨለማ፦ አላጸዳኸውም። ተቀመጥ።

[ተቀመጠ። ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ጋሽ ጨለማ አዩት፤ ሊቆጡት አስበው ተዉት። የመጀመሪያውን ፊልማቸውን ያቃጠሉ ቀን እሳቸውም እጃቸውን እንዲሁ ደብቀው ነበር።]

ሊቀ ኬብል፦ አሁን ደግሞ አፕዴቱ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ጋሽ ጨለማ፦ በየትኛው አቋቋም?

ሊቀ ኬብል፦ እኔ እንጃ። ይኸው ሄደ። ጨረሰ። ተራ ቁጥር አራት ምን ይላል?

ጋሽ ጨለማ፦ «አገልጋዩን አስነሣ።»

ሊቀ ኬብል፦ [እጁን ከቁልፉ መልሶ] ጋሼ፣ «አስነሣ» ማለት ምን ይመስልዎታል?

ጋሽ ጨለማ፦ እኔን ነው የምትጠይቀው?

ሊቀ ኬብል፦ እንደው ይመስልዎታል ያልኩት።

ጋሽ ጨለማ፦ የወደቀ ይነሣል፣ የተኛ ይነሣል። እዚህ ቤት ደግሞ ፎቶም ይነሣል። እንደ ኮምፒውተር አማርኛ ከሄድን ምናልባት ሦስቱንም ነው። ተጫነውና ቀዩ ጽሑፍ ምን እንደሚሆን አብረን እንየው። ደንበኞቹንም መልሳቸው።

ሊቀ ኬብል፦ የትኞቹን?

ጋሽ ጨለማ፦ ያንተን። የእኔን እኔ እጠራቸዋለሁ።

[ተጫነው፤ ሁለቱን ደንበኞችም መልሶ አገናኘ። ሣጥኑ ካርቶኑ ላይ እንዳለ እርር የሚል ድምፅ አሰማ፤ ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቶ በቦታው «እየሠራ ነው» የሚል መጣ። ሁለቱም ተንፍሰው ተያዩ።]

ሊቀ ኬብል፦ ከየትኛው ፎቶ ልጀምር?

ጋሽ ጨለማ፦ አሁን እሱ ይጠየቃል?

[አንዷን ፎቶ ብቻ አስቀድሞ ላካት። «አንድ ፎቶ ተቀድቷል» አለ ስክሪኑ። ሊቀ ኬብል ሳይጠየቅ ቅጂውን ራሱን ከፈተው። በርጩማ ላይ የተቀመጠች የከሳች ሴት ናት። ሳቋን ልትይዘው ሞክራ አምልጧታል፤ አንድ እጇን ወደ ካሜራው ዘርግታ «በቃህ» የምትል ትመስላለች። ጋሽ ጨለማ ዛሬ ቅዳሜ አለመሆኑን ረስተው ረጅም ጊዜ አዩአት።]

ሊቀ ኬብል፦ ደስ ይላሉ።

ጋሽ ጨለማ፦ ከስቻለሁ ትል ነበር። አሁን ዝጋት። ቃል አለብኝ።

[ሊቀ ኬብል ዘጋት። የቀሩትን ፎቶዎች በሙሉ እንዲቀዳ አዘዘና ሊሄድ ብድግ ሲል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አውጥቶ አየው፤ ፊቱ ተለዋወጠ።]

ሊቀ ኬብል፦ እትዬ ናቸው። ሰኞ ነው ለካ። ምን ልበላቸው? «ቆሟል» ብላቸው ውሸት፤ «አልቆመም» ብላቸው ይደነግጣሉ።

ጋሽ ጨለማ፦ እስቲ አምጣው ወዲህ።

[ስልኩን ተቀበሉት። ሊቀ ኬብል ቦርሳውን ባንድ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ መቀመጡንም መሄዱንም ትቶ ክፍሉ መሐል ቀርቷል።]

ጋሽ ጨለማ፦ አቤት እትዬ... አዎ፣ እዚሁ ነው፣ እኔ ተቀብዬው ነው... አገልጋዩማ እየሠራ ነው። የቆመው ባለሙያው ነው።